እያሳሳቀ የሚወስደው ውኃ

የካቲት 1 ቀን 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2025) በቺሊ ደቡባዊ ጫፍ፣ በማጄላን የባሕር ሰርጥ ላይ አባትና ልጅ በየራሳቸው ትንንሽ የሚነፉ ጀልባዎች ተቀምጠው ይቀዝፉ ነበር። በድንገት ከልጁ ሥር ውኃው ተከፈተ። ሀምፕባክ የሚባለው ዓሣ ነባሪ አፉን ከፍቶ ወጣና ወጣቱን ከነጀልባው ጎርሶ ተመልሶ ሰመጠ። ጥቂት ሰከንዶች አለፉ። ከዚያም ወጣቱ ከነጀልባው ተተፍቶ ከውኃው በላይ ብቅ አለ። ይህን ሁሉ የአባትየው ካሜራ ቀርፆታል፤ አባት ልጁን «ተረጋጋ፣ ተረጋጋ» ሲለውም ይሰማል።

ምስሉ በቀናት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ። ነገሩ የደረሰው የነነዌ ጾም ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው በመሆኑ፣ ምስሉን አይቶ ነቢዩ ዮናስን ያላስታወሰ ኢትዮጵያዊ መኖሩ ያጠራጥራል። ብዙ ሰው ሳቀ፤ በእርግጥም የሚያስቅ ነገር ነበረው። ወጣቱ በኋላ ለጋዜጠኞች የተናገረው ግን ከሳቁ ባሻገር ትኩረት የሚሻ ነው። በዓሣ ነባሪው አፍ ውስጥ ሳለ ሞቻለሁ ብሎ አስቦ ነበር። ከወጣ በኋላ ግን የፈራው ሌላ ነገር ነው፤ አባቱ ላይ አደጋ እንዳይደርስ፣ ከባሕሩ ዳርቻ ሳይደርሱም ቅዝቃዜው እንዳይቀድማቸው።

ፍርሃቱ ትክክለኛ ቦታውን ያገኘው ያን ጊዜ ነው ማለት ይቻላል። በውኃ ስፖርት አፍቃሪዎች ዘንድ የሚነገሩት ከሞት አፋፍ የመመለስ ታሪኮች አብዛኛውን ጊዜ ስለ አውሬ፣ ስለ ግዙፍ ማዕበልና ስለ ዕድል ያወሳሉ። ሰዎቹን ለሞት ያቀረባቸው ነገር በጥሞና ሲመረመር ግን አንድ ተራ ነገር ደጋግሞ ብቅ ይላል፤ እርሱም ትንፋሽ ነው። ታሪኩ እየተሳቀ የሚነገር ወይም እየተለቀሰ የሚታሰብ መሆኑን ብዙ ጊዜ የሚወስነው፣ ሰውየው ያቺን የመጀመሪያ ትንፋሽ የሳበው ከውኃ በላይ ሆኖ ነው ወይስ ከውኃ በታች የሚለው ጥያቄ ነው። አማርኛ ተናጋሪዎች «እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ» የሚሉት አነጋገር ለሰው ተንኮል የተነገረ ቢሆንም፣ የአካልን አሠራር ለሚያጠኑ ሳይንቲስቶችም በሚያስገርም ሁኔታ ይስማማል።

የማይውጠው ጎራሽ

ሀምፕባክ ሰውን የሚበላበት ምክንያትም መንገድም የለውም። የሚመገበው ክሪል የተባሉትን ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታትና ትንንሽ ዓሦችን ነው። መንጋቸው ወደ ተሰበሰበበት ከሥር ተወርውሮ አፉን በመክፈት ውኃውንም ዓሣውንም በአንድነት ይወስዳል፤ ከዚያም በጥርስ ፈንታ ባሉት ወንፊት መሰል አካላት ዓሣውን አስቀርቶ ውኃውን ይገፋል። አፉ ሰውን ከነጀልባው ቢይዝም፣ ጉሮሮው በተለመደው ጊዜ ከሰው ጭብጥ ብዙም አይሰፋም፤ ቢለጠጥም የሰው ትከሻ አያሳልፍም። ስለዚህ በዓሦች መንጋ መካከል የተገኘ ቀዛፊ በስሕተት ይጎረሳል፣ በጥድፊያም ይተፋል።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 በካሊፎርኒያ፣ አቪላ ቢች አጠገብ በአንድ ካያክ ላይ ተቀምጠው ዓሣ ነባሪዎችን ይመለከቱ የነበሩ ሁለት ሴቶች ላይ የደረሰውም ይኸው ነበር። ከሥራቸው የወጣ ሀምፕባክ ካያኩን ገልብጦ ለአፍታ አሰጠማቸው፤ ሁለቱም ያለ ከባድ ጉዳት ወጡ፣ በአንደኛዋ ልብስ ውስጥም ትንንሽ ዓሦች ተገኙ። በ2018 ደግሞ በኒውዚላንድ፣ ካይኩራ በተባለው የባሕር ዳርቻ አንድ አቆስጣ በአፉ የያዘውን ኦክቶፐስ ወርውሮ የአንድን ቀዛፊ ፊት በጥፊ መታ። ያ ቀዛፊ ለሞት የቀረበ ነገር አልገጠመውም፤ ታሪኩ የሚነገረው እንዲያው ለሳቅ ነው።

የእነዚህ ታሪኮች ከባድ ክፍል የሚጀምረው አውሬው ከሄደ በኋላ፣ ሰውየው ልብሱን ለብሶ ሳይዘጋጅ ውኃ ውስጥ ሲገኝ ነው።

የመጀመሪያዋ ደቂቃ

ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች የሆነ ውኃ በድንገት ሰውነትን ሲከብብ፣ ከቆዳ ሥር ያሉት ቅዝቃዜን የሚለዩ ነርቮች ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጮኻሉ። አንጎል ለዚህ ጩኸት የሚሰጠው ምላሽ ከፈቃድ ውጭ ነው። ሰውየው ሳያስብ አየር በኃይል ይምጋል፤ ቀጥሎም ልቡ በፍጥነት ይመታል፣ የደም ሥሮቹ ይጨመታሉ፣ የደም ግፊቱ ያሻቅባል፣ ትንፋሹም እንደ ሯጭ ይቆራረጣል። በየብስ ላይ ለአንድ ደቂቃ ትንፋሹን መያዝ የሚችል ሰው በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አሥር ሰከንድ እንኳ ላይሞላለት ይችላል። ያቺ የመጀመሪያ ምጋት ፊቱ ከውኃ በታች ሳለ ከመጣች፣ ወደ ሳንባው የሚገባው አየር አይደለም።

ይህን ምላሽ ለብዙ ዓመታት ካጠኑት አንዱ በእንግሊዝ የፖርትስማውዝ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ማይክ ቲፕተን ናቸው። ምላሹ በመጀመሪያዎቹ 30 ሰከንዶች ውስጥ ከፍተኛ ደረጃው ላይ ይደርሳል፤ ከዚያም በሁለት ወይም በሦስት ደቂቃ ውስጥ ይበርዳል። ፊት በቀዝቃዛ ውኃ ሲነከር ደግሞ ሌላ፣ ከዚህ የሚቃረን ምላሽ አለ። እርሱ ልብን «ቀስ በል» የሚል ነው። አንዱ ልብን ሲያስሮጥ ሌላው ሲጎትት የልብ ምት ሊዛባ እንደሚችል፣ ጠንካራ ዋናተኛ የነበረ ሰው በድንገት የሚሞትበት አንዱ ምክንያትም ይህ ሊሆን እንደሚችል ቲፕተንና ባልደረቦቻቸው ጽፈዋል።

በካናዳ የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆኑት ጎርደን ጊስብሬክት ደግሞ ነገሩን በራሳቸው አካል ላይ ሞክረውታል። በረዶ በተጋገረበት ሐይቅ ውስጥ እየገቡ የራሳቸውን የሰውነት ሙቀት ደጋግመው በማውረዳቸው «ፕሮፌሰር ፖፕሲክል» የሚል ቅጽል ወጥቶላቸዋል፤ ፖፕሲክል በእንጨት ላይ ተሰክቶ የሚላስ የበረዶ ጣፋጭ ነው። ቅጽሉ ቢያስቅም፣ ሰውየው ለጀልባ ተሳፋሪዎች ያተረፉት ቀመር ዛሬ በብዙ አገሮች ይሰጣል። ቀመሩ 1-10-1 ይባላል። በበረዷማ ውኃ ውስጥ የወደቀ ሰው ትንፋሹን ለመቆጣጠር 1 ደቂቃ፣ እጅና እግሩ ሳይከዱት ለመንቀሳቀስ 10 ደቂቃ፣ ሰውነቱ ቀዝቅዞ ራሱን እስኪስት ደግሞ 1 ሰዓት ያህል አለው።

ከሦስቱ ቁጥሮች ሰዎች የሚፈሩት የመጨረሻውን ነው። «በበረዶ ውኃ የወደቀ ሰው ወዲያው ደርቆ ይሞታል» የሚለው እምነት በፊልምም በወሬም ሥር ሰድዷል። ሐቁ ግን ሃይፖተርሚያ፣ ማለትም የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች መውረድ፣ ጊዜ ይፈልጋል። ብዙዎች የሚሞቱት ከዚያ አስቀድሞ፣ ወይ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ውኃ ስበው፣ ወይ በአሥረኛዋ ደቂቃ ገደማ ክንዳቸው አልታዘዝ ብሎ ነው። የመንሳፈፊያ ጃኬት ትልቁ ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው። ጃኬቱ ሰውን አያሞቅም፤ የመጀመሪያዋ ምጋት ከውኃ በላይ እንድትሆን ያደርጋል፣ ክንድ ሲከዳም ራስን ቀና አድርጎ ይይዛል።

በዚህ ረገድ አታላዩ ወቅት ክረምቱ ሳይሆን የጸደዩ ማብቂያ ነው። በስቶክሆልም፣ በሚኒያፖሊስ ወይም በቶሮንቶ አካባቢ በግንቦት ወር አየሩ ሸሚዝ ያስወልቃል፤ ሐይቁ ግን ከአየሩ ብዙ ሳምንታት ዘግይቶ ነው የሚሞቀው። በባንኩ ላይ የበግ ሥጋ እየተጠበሰ፣ ሙዚቃ ተከፍቶ፣ ጓደኛሞች እየተጎነታተሉ «ግባ እንጂ፣ ፈራህ?» ሲባባሉ ውኃው ገና አሥር ዲግሪ ገደማ ሊሆን ይችላል። የብሪታኒያና የአየርላንድ ባሕር ነፍስ አድን ተቋም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በስፋት የሚያስተምረው ምክር ለእንዲህ ያለው ቅጽበት የተዘጋጀ ነው፤ ለመዋኘት አትታገል፣ በጀርባህ ተንጋለል፣ ጆሮህ እስኪነከር ድረስ ራስህን ወደ ኋላ ጣል፣ እጆችህን በቀስታ አንቀሳቅስ፣ ትንፋሽህ እስኪመለስ ጠብቅ። ምክሩ የሚከብደው ምንም አለማድረግን ስለሚያዝዝ ነው። የሰመጠ ሰው በደመ ነፍስ የሚያደርገው የዚህ ተቃራኒውን ነው።

ቸኮሌት ይዞ የጠበቀው

ስለ መጠበቅ ከተነሣ የቶኒ ቡሊሞርን ታሪክ ማለፍ አይቻልም። እንግሊዛዊው ቡሊሞር ዓለምን ብቻን በሸራ ጀልባ የመዞሪያው የቫንዴ ግሎብ ውድድር ተሳታፊ ነበር። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1997፣ ከአውስትራሊያ በደቡብ ምዕራብ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትሮች ርቆ በሚገኘው የደቡብ ውቅያኖስ ላይ፣ የጀልባውን ሚዛን የሚጠብቀው ከባድ የግርጌ ክፍል ተሰብሮ ወደቀ፤ ጀልባውም ተገለበጠ። ቡሊሞር በተገለበጠው ጀልባ ሆድ ውስጥ በጨለማ ቀረ። ውኃው ገብቷል፤ ከጣቶቹም የአንዱን ጫፍ በር ቆርጦታል። ዓለም ሞቷል ብሎ ነበር።

የአውስትራሊያ የባሕር ኃይል መርከብ አዴሌይድ ከስፍራው የደረሰችው ጀልባው ከተገለበጠ ከአራት ቀናት ገደማ በኋላ ነው። መርከበኞች በትንሽ ጀልባ ቀርበው የተገለበጠውን ግርጌ አንኳኩ። ከውስጥ ድምፅ መጣ። ሰውየው በውኃ ሥር ጠልቆ ወጣ፤ በእነዚያ ቀናት ያቆየው ጥቂት ውኃና ጥቂት ቸኮሌት ነበር። በወቅቱ ዕድሜው 57 ዓመት ሲሆን፣ ጋዜጦች ቸኮሌቱን እንደ ቀልድ አድርገው ደጋግመው አወሱት።

ሰውየውን ያቆየው ግን ሌላ ነገር ነው። በጀልባው ሆድ አየር ታፍኖ ቀርቶ ነበር፤ የብርድ መከላከያ ልብሱን ለብሶ ነበር፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ራሱን ከውኃው በላይ በሆነ ጠባብ ስፍራ ላይ አሸጉጦ ነበር። ውኃ ሙቀትን ከሰውነት የሚወስደው ተመሳሳይ ቅዝቃዜ ካለው አየር በ25 እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ነው። በዚያ ጨለማ ውስጥ በውኃ መነከርና ከውኃ በላይ ተጨብጦ መቀመጥ የሚለያዩት በሰዓታትና በቀናት ነው።

በማዕበል ሥር

በፖርቱጋል፣ ናዛሬ በተባለችው ከተማ ፊት ለፊት ከባሕሩ ወለል ሥር ግዙፍ ሸለቆ አለ፤ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ጥልቀቱም ወደ 5 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከአትላንቲክ የሚመጣው ሞገድ በሸለቆው ላይ ሲያልፍ ፍጥነቱን ይዞ ይቀጥላል፤ ጥልቀት በሌለው በኩል የሚመጣው ግን ይዘገያል። ሁለቱ በዳርቻው አጠገብ ሲገናኙ ይደራረቡና እንደ ሕንፃ ይቆማሉ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2020 ጀርመናዊው ሴባስቲያን ሽቶይትነር በዚያ የጋለበው ማዕበል 26.21 ሜትር ተለክቷል።

ብራዚላዊቷ ማያ ጋቤራ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2013 ናዛሬ ላይ ወደቀች። ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ፤ ማዕበል ተከታትሎ ወረደባት፤ ራሷንም ሳተች። የአገሯ ልጅ ካርሎስ ቡርሌ በጄት ስኪ ደርሶ ወደ ዳርቻው ጎተታት፤ አሸዋው ላይ በተደረገላት የማነቃቃት ርዳታ ትንፋሿ ተመለሰ። በዚያን ጊዜ አንዳንድ የታወቁ የማዕበል ጋላቢዎች እዚያ ቦታ መገኘት አልነበረባትም ብለው ነበር። ከወገብ ቀዶ ሕክምናዎች በኋላ ተመልሳ በፌብሩዋሪ 2020 እዚያው ናዛሬ ላይ 22.4 ሜትር ከፍታ ያለው ማዕበል በመጋለብ የሴቶች የዓለም ክብረ ወሰን አስመዘገበች።

ማዕበል የወደቀበት ሰው ከውኃ በታች የሚቆየው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ በታች ነው። ቁጥሩ ሲሰማ ቀላል ይመስላል፤ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ትንፋሹን የሚይዝ ሰው አንድ ደቂቃ ሊሞላ ይችላል። ጋላቢው ግን ከመውደቁ በፊት በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ነበር፤ ልቡ እየሮጠ ነው፣ ጡንቻዎቹ ኦክስጅን እየጠጡ ነው፣ ከመውደቁ በፊት በቂ አየር ለመሳብ ጊዜ አላገኘም፣ ውኃው ደግሞ የትኛው ወደ ላይ እንደሆነ እስኪጠፋው ድረስ ያሽከረክረዋል። ሁለተኛው ማዕበል ሳይተነፍስ ከደረሰበት ሒሳቡ ያበቃል።

አሜሪካዊው ሼን ዶሪያን እ.ኤ.አ. በ2010 በካሊፎርኒያ፣ ማቨሪክስ በተባለው ስፍራ ይህ ደርሶበታል። ሁለት ማዕበል በላዩ አልፎ በሕይወት ሲወጣ፣ ከልብስ አምራቾች ጋር ሆኖ በሚነፋ ሰደሪያ ላይ መሥራት ጀመረ። ገመዱ ሲሳብ ትንሽ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ጠርሙስ ተከፍቶ ሰደሪያውን ይሞላል፤ መርሁ በአውሮፕላን መቀመጫ ሥር ካለው ጃኬት ጋር አንድ ነው። ዛሬ ግዙፍ ማዕበል የሚጋልብ ሰው ያለ እንዲህ ያለ ሰደሪያ ብዙም አይታይም። ሰደሪያው በጋላቢው ፈቃድ የሚነፋ፣ ሲያስፈልግም አየሩ የሚለቀቅ መሆኑ ትንሽ ዝርዝር ይመስላል። እንዳልሆነ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ ያውቃሉ።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 1996 ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 961 ተጠልፎ፣ ነዳጁ አልቆ በኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ ሲያርፍ፣ ካፒቴን ልዑል አባተ አውሮፕላኑን ከዳርቻው አቅራቢያ ለማሳረፍ ችለው ነበር። ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ። ከሞቱት መካከል በርካታዎቹ ጃኬታቸውን አውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ ነፍተውት ነበር፤ ውኃው ሲገባ ጃኬቱ ወደ ጣሪያው አንሳፈፋቸው፣ ጎንበስ ብለው በሩን እንዳያገኙም ከለከላቸው። «ከበሩ ሳይወጡ እንዳይነፉት» የሚለው የበረራ አስተናጋጆች ማሳሰቢያ ባዶ ቃል አለመሆኑ በዚያ ቀን ታየ። በሕይወት የተረፉትን ለመርዳት ከደረሱት መካከል የደሴቲቱ ነዋሪዎች፣ በዕረፍት ላይ የነበሩ ፈረንሳውያን ሐኪሞችና ለመዝናናት የመጡ የውኃ ውስጥ ጠላቂዎች ይገኙበታል።

ሳይጨንቅ የሚመጣው

ከዋና ስፖርት አደጋዎች ሁሉ ተንኮለኛው ሞቅ ባለና ጥርት ባለ የመዋኛ ገንዳ ውስጥ የሚደርሰው ነው። ወጣቶች «ማን ሩቅ ይሄዳል?» ብለው ይወራረዳሉ። አንዱ ከመጥለቁ በፊት ብዙ ጊዜ በፍጥነትና በጥልቀት ይተነፍሳል፤ ኦክስጅን እያጠራቀመ ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። ደም ከመጀመሪያውም ኦክስጅን ሞልቶታል፤ በዚያ ትንፈሳ የሚጨመር ጥቂት ነው። የሚቀነሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሰውን «ተንፍስ!» እያለ የሚያስጨንቀው ደግሞ የኦክስጅን ማነስ ሳይሆን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መብዛት ነው። ማንቂያ ደወሉን ጠርቶ የሸኘ ዋናተኛ፣ ጭንቀት ሳይሰማው፣ እንዲያውም ደስ እያለው ይሄዳል፤ ኦክስጅኑ ሲያልቅ መብራት እንደጠፋ ያህል ራሱን ይስታል። ከዳር ያሉት ጓደኞቹ እየቀለደ ይመስላቸዋል።

በትንፋሽ ብቻ ወደ ጥልቁ የሚወርዱ ስፖርተኞች ራስን የመሳቱ አደጋ የሚበዛው ወደ ላይ ሲመለሱ፣ ከውኃው ገጽ አጠገብ መሆኑን ያውቃሉ። በጥልቁ ውስጥ የውኃው ግፊት በሳንባ የቀረውን ኦክስጅን ወደ ደም እንዲገባ ይረዳዋል፤ ሲወጡ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ኦክስጅኑም አብሮ ይሸሻል። ስለዚህ ብቻውን የሚጠልቅ የለም፤ ጓደኛ ከላይ ይጠብቃል፣ ከወጣ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ዓይኑን ከላዩ አያነሣም።

ከአባይ እስከ ጫማ ቢራ

በወንዝ ላይ በጎማ ጀልባ መውረድ፣ ራፍቲንግ የሚባለው ስፖርት፣ ከኢትዮጵያ ወንዞች ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። እ.ኤ.አ. በ1968 በእንግሊዛዊው መኮንን ጆን ብላሽፎርድ-ስኔል መሪነት በአባይ ሸለቆ የወረደው ጉዞ፣ በአየር የተሞሉ የጎማ ጀልባዎችን በከባድ ፏፏቴ ላይ በመሞከሩ ለዛሬው ራፍቲንግ ከምንጮቹ አንዱ ተደርጎ ይቆጠራል። ቡድኑ አዞም ሽፍታም ገጥሞታል፤ አንድ ወታደር ግን ወንዝ ሲሻገር ውኃ ወሰደው። ከአምስት ዓመት በኋላ አሜሪካዊው ሪቻርድ ባንግስና ጓደኞቹ ኦሞን በጎማ ጀልባ ወረዱ። ያቋቋሙትንም የጉዞ ድርጅት ሶቤክ ብለው ሰየሙት፤ ሶቤክ በጥንታዊት ግብጽ የአዞ አምላክ ነው። ስያሜው መለማመጫ ይሁን መቀለጃ ለመለየት ያስቸግራል።

በወንዝ ላይ ልምድ ያለው ሰው የሚፈራው የሚያጓራውን ውኃ ብቻ አይደለም። ውኃ ከዝቅተኛ ግድብ ወይም ከዓለት ጫፍ ሲወድቅ ከሥሩ ወደ ኋላ ይጠቀለላል፤ እዚያ የገባን ሰው ወደ ግድቡ መልሶ ይጎትተዋል፣ ያሰጥመዋል፣ ያወጣዋል፣ ደግሞ ይመልሰዋል። ውኃው በአየር አረፋ የተሞላ ስለሆነም እንደ ልብ አያንሳፍፍም። ከላይ ሲታይ አንድ ሜትር የማይሞላ፣ ለስላሳና ቀጥ ያለ የውኃ መጋረጃ በመምሰሉ ያዘናጋል፤ የነፍስ አድን ሠራተኞች «የመስጠሚያ ማሽን» ይሉታል። ሌላው ወጥመድ ጉልበት በማይደርስ ውኃ ውስጥ ለመቆም መሞከር ነው። እግር በድንጋዮች መካከል ከተቀረቀረ ወራጁ ውኃ ሰውየውን በፊቱ ይደፋዋል። የወራጅ ውኃ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ ከተደፋ በኋላ ቀና ማለት የጉልበት ጉዳይ አይሆንም። ከጀልባ የወደቀ ሰው በጀርባው ተንጋልሎ እግሩን ወደ ወንዙ አቅጣጫ ቀድሞ እንዲሄድ የሚታዘዘው ለዚህ ነው።

የካያክ ቀዛፊዎች ደግሞ ለዚህ ሁሉ አንድ የማይረሳ ልማድ አላቸው። ካያኩ ተገልብጦ ከውስጡ ወጥቶ የዋኘ ሰው፣ ማታ በጓደኞቹ ፊት ቀኑን ሙሉ ሲረግጥበት በዋለው እርጥብ የጎማ ጫማ ቢራ ተሞልቶለት ይጠጣል። ጣዕሙን መገመት አያዳግትም። ቅጣቱ የሚያስቅ ቢሆንም ጥቅም አለው። ጠጪው የት እንደተሳሳተ ሳይናገር አይለቀቅም፤ የዛሬው ሳቅ የነገውን ቀዛፊ ከዚያ ዓለት ያርቀዋል።

ድምፅ የሌለው

የሚሰምጥ ሰው እጁን እያወናጨፈ «አድኑኝ!» ይላል ተብሎ ይታሰባል። በኒውዮርክ፣ ብሮንክስ በሚገኘው ኦርቻርድ ቢች የዋና ጠባቂ የነበሩት ፍራንክ ፒያ እየሰመጡ ያሉ ሰዎችን በፊልም ቀርፀው ሲመለከቱ ያገኙት ከዚህ የተለየ ነው። አፉ ከውኃ በላይ የሚቆየው አንዲት ትንፋሽ ለመሳብ ለሚበቃ ቅጽበት ብቻ ስለሆነ፣ ለመጮኽ የሚተርፍ አየር የለውም። እጆቹ ወደ ጎን ተዘርግተው ውኃውን ወደ ታች ይጫናሉ፤ ማወዛወዝ አይችልም። አካሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ይህ ሁኔታ የሚቆየው ከ20 እስከ 60 ሰከንድ ብቻ ነው። ከዳር የሚያየው ሰው ሕፃኑ ዝም ብሎ ውኃ የሚጫወት ይመስለዋል። በገንዳ ዙሪያ ቡና እየተጠጣ ወሬ በሚደራበት የልደት በዓል ላይ የሚጫወቱ ልጆች ድንገት ጸጥ ካሉ፣ ቀና ብሎ ለማየት ያለው ጊዜ ይኸው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው ዘገባ፣ በ2021 በዓለም ዙሪያ 300,000 ያህል ሰዎች በመስጠም እንደሞቱ፣ ከእነርሱም ከአሥሩ ዘጠኝ የሚበልጡት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች እንደሆኑ ገልጿል። ከእነዚህ አብዛኛዎቹ ማዕበል የሚጋልቡ ወይም ካያክ የሚቀዝፉ አይደሉም።

ከውኃ የወጣ ሰው የማይተነፍስ ሲሆን የሚደረገው ርዳታም ለድንገተኛ የልብ ድካም ከሚደረገው በአንድ ነገር ይለያል። ልቡ በድንገት የቆመ ሰው ደሙ ውስጥ ገና ኦክስጅን አለ፤ ደረቱን መጫን ያንን ኦክስጅን ያንቀሳቅሳል። በሰመጠ ሰው ላይ ግን ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው፤ ኦክስጅኑ አልቆ ነው ልቡ የቆመው። ስለዚህ የአውሮፓ የማነቃቃት ምክር ቤት መመሪያ ርዳታው በአምስት ትንፋሽ እንዲጀመር፣ ከዚያ ደረት ወደ መጫን እንዲታለፍ ያዛል።

ስለ ቅደም ተከተል ከተነገሩት ታሪኮች እጅግ አስደናቂው የውኃ ስፖርት ውስጥ አይመደብም፤ ይሁን እንጂ የተፈጸመው ውኃ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1999 ስዊድናዊቷ ሐኪም አና ቦገንሆልም በኖርዌይ፣ ናርቪክ አጠገብ ከጓደኞቿ ጋር በበረዶ ላይ ስትንሸራተት ወደቀችና ራሷና ደረቷ በወንዝ ላይ ከተጋገረ በረዶ ሥር ገባ። ጓደኞቿ እግሯን ይዘው ሊያወጧት አልቻሉም። እርሷ ግን ከበረዶው ሥር ትንሽ የአየር ኪስ አገኘች፤ በዚያች አየር ለ40 ደቂቃ ያህል ተነፈሰች፤ ከዚያ በኋላ ልቧ ቆመ። የወጣችው 80 ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነው። ሆስፒታል ስትደርስ የሰውነቷ ሙቀት 13.7 ዲግሪ ነበር።

የሰውነት ሙቀት አንድ ዲግሪ በወረደ ቁጥር አንጎል የሚፈልገው ኦክስጅን በ6 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ልቧ ከመቆሙ በፊት እየተነፈሰች ስለቀዘቀዘች፣ ልቧ ሲቆም አንጎሏ ብዙም የማይጠይቅበት ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። የመጀመሪያዋን ትንፋሽ ከአየር ኪሱ ሳይሆን ከውኃው ስባ ቢሆን ኖሮ ያው ቅዝቃዜ ሊያድናት ጊዜ ባልነበረው ነበር። የትሮምሶ ሐኪሞች ደሟን ከሰውነቷ ውጭ በሚያሞቅ መሣሪያ እያሞቁ ለሰዓታት ሠሩ፤ ልቧም ተመለሰ። በእጆቿ ነርቮች ላይ ከቀረው ችግር በቀር ዳነች፤ በኋላም ሕይወቷ በተረፈበት በዚያው ሆስፒታል በራዲዮሎጂ ሐኪምነት ማገልገል ጀመረች።